ነሐሴ በማርያም ደጅ፦ የጎንደር የጉዞ ማስታወሻ

ሐሙስ፣ ነሐሴ 9 ቀን 2011 ዓ.ም.

ከአዲስ አበባ የተነሣነው ገና ሳይነጋ ነው። ጭኔ ላይ በፌስታል የተጠቀለለ ረጅም ዕቃ ይዣለሁ። ረዳቱ ሁለት ጊዜ "ወንድሜ፣ ላይ ልጫንልህ" ቢለኝም አልሰጠሁትም። የእናቴ ስለት ነው፤ ዙሪያውን ወርቅማ ዘርፍ የተሰፋበት ቀይ ከፋይ ዣንጥላ።

እናቴ ከዘጠኝ ዓመት በፊት ክፉኛ ታማ ነበር። ያኔ "ከዚህ አልጋ ከተነሣሁ ለደብሬ ለማርያም ዣንጥላ አገባለሁ" ብላ ተሳለች። ተነሣች፤ ዣንጥላውንም ገዛች። ከዚያ አንድ ዓመት ገንዘብ ሲያጥር፣ አንድ ዓመት መንገዱ ሲያስፈራ፣ በኋላም ጉልበቷ እንቢ ሲላት ዣንጥላው ቁም ሣጥን ውስጥ ቀረ። ዘንድሮ ጾመ ፍልሰታ ሲገባ ጠራችኝና "የእመቤታችንን ዕዳ ይዤ መሞት አልፈልግም፤ አንተ አድርስልኝ" አለችኝ። እሺ አልኳት። ያቺን ደብር የማውቃት እስከ አምስት ዓመቴ ነው። በ1984 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከገባን ወዲህ ተመልሼ አላየኋትም።

ስትሸኘኝ ሦስት ነገር አዘዘችኝ። ባዶ እጄን እንዳልሄድ። የገጠር ደብር የሚቸግረው ዘቢብና ዕጣን ስለሆነ ጎንደር ገብቼ እንድገዛ። ሦስተኛው አልገባኝም ነበር፤ "ስንት ዲያቆን እንዳላቸው ጠይቅና ንገረኝ" አለች።

የዓባይ በረሃ በጉም ተሸፍኖ ድልድዩ እስኪደርስ ድረስ ገደሉ አልታየንም። ከደብረ ማርቆስ እስከ ባሕር ዳር ዝናቡ አልተለየንም። እንፍራንዝ ስንደርስ ካፊያው አባራና የጉዛራ ግንብ ኮረብታው ላይ ብቅ አለ። ጎንደር የገባነው ከምሽቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነው፤ ፒያሳ አካባቢ አልጋ ይዤ ተኛሁ።

ዓርብ፣ ነሐሴ 10

ሌሊቱን በሙሉ ከየአቅጣጫው የአብያተ ክርስቲያናቱ ድምፅ ማጉያ ሲጠራ አደረ። ጎንደር አርባ አራት ታቦት ያላት ከተማ ትባላለች። ይህን በወሬ ስሰማ ኖሬ፣ በነሐሴ ሌሊት አልጋ ላይ ሆኜ ስሰማው ግን ሌላ ነው። አንዱ ሰዓታቱን፣ የሌሊቱን ጸሎት፣ ሲጨርስ ሌላው ይቀበላል።

በማለዳ ወደ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ወጣሁ። ዐፄ አድያም ሰገድ ኢያሱ የተከሉት ደብር ነው። ጣራው ላይ የተሣሉትን መላእክት ያላየ ጎንደሬ የለም ማለት ይቻላል፤ ራስና ክንፍ ብቻ ናቸው፣ ዓይኖቻቸው ግን እያንዳንዳቸው ወደተለያየ ቦታ ያያሉ። ኪዳን ሲደርስ አንገቴን ቀና አድርጌ ቆሜ ሳለ፣ አጠገቤ የነበሩ አንዲት እናት "ልጄ፣ መጀመሪያ ስገድ፣ ሥዕሉ አይሄድም" ብለው ክንዴን ነካ አደረጉኝ። ሰገድኩ።

የሱዳን ደርቡሽ በጥር 1880 ዓ.ም. ጎንደር ገብቶ አብያተ ክርስቲያናቱን ሲያቃጥል ይህ ደብር ተርፏል። ንብ ወጥቶ መለሰው ሲባል እኛም ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተናል። እናቴ ይህን ታሪክ የምትነግረኝ ስለ ሥላሴ ብቻ አልነበረም። "እኛም ያኔ ታቦታችንን ይዘን ገደል ገብተን ነው ያተረፍነው" ትላለች፣ ራሷ የነበረችበት ይመስል። አያቷ የነገሯት ነው።

ከዚያ ወደ በአታ ወረድኩ። በአገራችን የአብነት ትምህርት እያንዳንዱ ሙያ የሚመሰከርበት ቦታ አለው፤ ድጓ በቤተልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕት በዙር አምባ፣ አቋቋም ደግሞ በጎንደር በአታ። የትም ተምሮ የመጣ ሰው በአቋቋም "መሪጌታ" ለመባል እዚህ መጥቶ ይመሰከርለታል። ደጁ ላይ አንድ ዓይነ ስውር ተማሪ ከጓደኛው ጋር ሆኖ ዝማሜ ያጠና ነበር። መቋሚያውን ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ፣ ወደ ታች ሲያወርደው የእጁ አንጓ እንደ ውኃ ነው የሚሄደው። ጓደኛው አንዲት ቦታ ሲስት ሳያየው ያውቅበታል፤ "ተመለስ" ይለዋል። ተመልሰው ከላይ ይጀምራሉ። ሰባት ጊዜ ቆጠርኩ።

ከሰዓት በኋላ ንዋያተ ቅድሳት መሸጫ ገባሁና ሁለት ኪሎ ዘቢብና ዕጣን ገዛሁ። ሻጩ "ለየትኛው ደብር ነው?" አለኝ። ነገርኩት፤ አያውቃትም። ገንዘቤን ተቀብሎ መልሱን ከሰጠኝ በኋላ አንድ እሥር ጧፍ ጨመረበት። "ይህ ከእኔ ነው። ታናሽ ደብር ጸሎቷ ይሰማል ይላሉ፤ ስሜን አስጠራልኝ" ብሎ የክርስትና ስሙን በደረሰኝ ጀርባ ላይ ጻፈልኝ።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 11

አዘዞ ድረስ በሚኒባስ። ከዚያ በእግር ነው። በበጋ አንድ ሰዓት ተኩል የሚፈጀው መንገድ በክረምት እጥፍ ይሆናል፤ ዋልካው ጫማ ይይዛል፣ ከያዘ አይለቅም። ጫማዬን አውልቄ በእጄ ያዝኩ።

መንገዱን የማውቅ ይመስል ዝም ብዬ ስሄድ አንድ ዐሥራ ሦስት ዓመት የሚሆነው ልጅ ከኋላዬ ደረሰብኝ። ኮንጎ ጫማ፣ አጭር ሱሪ፣ ትከሻው ላይ ነጠላ። ሰባተኛ ክፍል ተማሪ ነው፤ ከአዘዞ ላምባ ሊገዛ ተልኮ መመለሱ ነው። ወዴት እንደምሄድ ስነግረው ሳቀ፤ "እኔ እኮ የዚያው ዲያቆን ነኝ" አለ። የታሸገውን ዕቃ ዐይቶ "ዣንጥላ ነው አይደል?" አለኝ። ጭቃው ሲብስ ተቀበለኝና በሁለት እጁ ደረቱ ላይ አቅፎ ተሸከመው። ላምባውን እኔ ያዝኩለት።

ከደብሯ በፊት አንድ ወንዝ አለ፤ ወደ መገጭ ነው የሚገባው። ዛሬ እስከ ጉልበት ነበር። የልጁ ቤት ከወንዙ ወዲህ ነው፤ ደብሯ ወዲያ ማዶ። "ሲሞላስ እንዴት ትሻገራለህ?" ብለው "ሲጎድል" ብሎ መለሰልኝ።

ከሩቅ የሚታየው ዐጸዱ ብቻ ነው፤ ጽድ፣ ወይራ፣ ዋንዛ። ዙሪያው ሁሉ የታረሰ ማሳ ሆኖ እዚያች ክብ ላይ ብቻ ደን ቆሟል። ቤተ ክርስቲያኗ ክብ ናት፤ ክዳኗ ቆርቆሮ፣ ግድግዳዋ ጭቃ። ደጀ ሰላሙ አጠገብ ከዛፍ ላይ በጠፍር የተንጠለጠሉ ሦስት ረዘም ረዘም ያሉ ጠፍጣፋ ድንጋዮች አሉ። ደወሏ እሱ ነው። በሌላ ድንጋይ ሲመቱት እንደ ብረት ይጮኻል፤ ሦስቱም ድምፃቸው የተለያየ ነው። መሐሉ ስንት ዘመን ሲመታ ኖሮ ጎድጎድ ብሏል። ጣቴን ብሰድበት እስከ መጀመሪያው አንጓ ድረስ ገባ።

ቄሰ ገበዙ መስቀል አሳለሙኝና የማን ልጅ እንደሆንኩ ጠየቁ። የእናቴን ስም ስነግራቸው መልስ ሳይሰጡኝ ወደ ደጁ ዞረው "ኧረ እሜቴን ጥሩልኝ!" አሉ። እሜቴ የእናቴ አብሮ አደግ ናቸው። ጎንበስ ብለው እየተቻኮሉ መጡ፣ ፊቴን በሁለት እጃቸው ይዘው "ግንባሩ የሷ ነው" አሉ። ከዚያ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። የማድረው እሳቸው ቤት ሆነ።

ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ ለሰዓታት ተነሣን። አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ የደረሱትን ጸሎት ሦስት ካህናትና አንድ መሪጌታ በአንዲት ጧፍ ዙሪያ ቆመው ያደርሱታል። ጎንደር ከተማ በድምፅ ማጉያ የሰማሁት ዜማ ያው ነው፤ እዚህ ግን የአንዱ ካህን ሳል፣ የመቋሚያው ጫፍ መሬት ሲነካ የሚሰማው ድምፅ ሳይቀር ይሰማል። አንዱ ሲደክመው ሌላው ከፍ አድርጎ ይይዝለታል።

እሑድ፣ ነሐሴ 12

ሰንበት ስለሆነ ቅዳሴው ጠዋት ነው። ወንዶች በሰሜን፣ ሴቶች በደቡብ በር ገቡ። ከቅዳሴ በፊት የአርባ ቀን ወንድ ልጅ ተጠመቀ፤ ወንድ በአርባ፣ ሴት በሰማንያ ቀኗ ነው። ውኃው ሲፈስበት ጮኸ፣ ሜሮን ሲቀባ ዝም አለ፣ አንገቱ ላይ ክሩ ሲታሰር እንቅልፍ ወሰደው። እናቴ እኔንም እዚሁ አስጠምቃኛለች። ገንዳው ያው የድንጋይ ገንዳ ነው ወይ ብዬ መሪጌታውን ጠየቅኳቸው። "ድንጋይ ምን ይሆናል ብለህ ነው?" አሉኝ።

ከቅዳሴ በኋላ ሰንበቴ ቤት ገባን። ዝቅ ያለች የሣር ጎጆ ናት፤ ዙሪያዋን የጭቃ መደብ፣ መሐሏ ላይ ጋንና ዳቦ። ጾም ስለሆነ ከዳቦው ጋር የቀረበው ሽምብራ ቆሎ ነው። የሰንበቴው ሙሴ፣ ማለት ሰብሳቢው፣ እጃቸው ላይ ጠርዙ የተበላ ደብተር አለ። ጸሎት ተደርጎ ዳቦው ከተቆረሰ በኋላ አባላቱን አንድ በአንድ በክርስትና ስም ጠሩ። "አለሁ" ይላል የተጠራው። "ታሟል" ይላል ጎረቤቱ። የማይገኝ ሰው ምክንያቱ ይነገራል እንጂ ዝም ተብሎ አይታለፍም።

መሐል ላይ የእናቴ ስም ተጠራ።

"አለች" አሉ እሜቴ። "ስለሷ እኔ አለሁ።"

ሙሴው ምልክት አድርገው ወደሚቀጥለው አለፉ። ማንም ቀና ብሎ አላየም፤ የለመዱት ነገር ነው። እኔ ግን ዳቦዬን መዋጥ አቃተኝ። ወጥተን ስንሄድ ጠየቅኳቸው። እናቴ በ1984 ከዚህ ስትሄድ "እስክመለስ ተራዬን ያዢልኝ" ብላቸው ነበር። በዓመት አንድ ጊዜ የሚደርሰውን የእናቴን ተራ፣ ዳቦውንም ጠላውንም፣ ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ የራሳቸውን ካወጡ በኋላ ደግመው ያወጣሉ።

"እናቴ ታውቃለች?"

"ምኑን?" አሉኝ። "ያዢልኝ አለች፣ ያዝኩላት።"

ማታ ቡሄ ነው። ዝናቡ አባርቶ ስለነበር ልጆቹ ችቧቸውን አብርተው ከቤት ቤት "ሆያ ሆዬ" ሲሉ አመሹ። እሜቴ ሲጋግሩት የዋሉትን ሙልሙል ከቁና እያነሡ ለእያንዳንዱ ሰጡ። ዲያቆኑ ልጅ ግን ከጨፋሪዎቹ መሐል የለም፤ ሰሞኑን ከካህናቱ ጋር ዐጸዱ ውስጥ ነው የሚያድረው።

ሰኞ፣ ነሐሴ 13

ደብረ ታቦር። ማኅሌቱ ሌሊቱን ሙሉ ተቆመ። ጠዋት የጅራፍ ድምፅ ከየኮረብታው። ቄሰ ገበዙ ዲያቆኑን "እናትህ ሙልሙልህን ይዛ ትጠብቅሃለች፤ ሂድና ነገ በጠዋት ተመለስ" ብለው ፈቀዱለት። እየሮጠ ሄደ። ማታ በረዶ የቀላቀለ ዶፍ ወረደ።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 14

ይህን ቀን ዘርዘር አድርጌ መጻፍ እፈልጋለሁ።

በፍልሰታ አዘቦት ቀን ቅዳሴው የሚገባው ከቀኑ ሰባት ሰዓት ግድም ነው፤ ምእመኑ ጾሞ ይውላል፣ ቆራቢውም ዐሥራ ስምንት ሰዓት ከእህልና ከውኃ ይለያል። ስድስት ሰዓት ላይ ዐጸዱ ሞላ። ሕፃናት የታቀፉ እናቶች፣ ሽማግሌዎች፣ ከሩቅ በበቅሎ የመጡ አንዲት መነኩሲት። ዲያቆኑ አልመጣም።

ከእኛ ቁልቁል ወንዙ ያገሳል። ልጆች ሮጠው ዐይተው ተመለሱ፤ "ማዶ ቆሟል! ነጠላውን እያውለበለበ ነው!"

ቅዳሴ ያለ አምስት ልዑካን አይገባም። ሁለት ካህናት፣ ሦስት ዲያቆናት። ገባሬ ሠናይ ካህን፣ ንፍቅ ካህን፣ ገባሬ ሠናይ ዲያቆን፣ ንፍቅ ዲያቆን፣ አምስተኛው መብራት የሚይዘውና የሚያነበው። ደብሯ ካህናት አሏት፤ አሮጊቶች የሚቆጥሩት ዲያቆናቱን ነው። ያሉት ሦስት ብቻ ናቸው። አንዱ ባለፈው ዓመት ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ለክረምት ተመልሷል፣ አንዱ በቅርቡ ያገባ ገበሬ ነው፣ ሦስተኛው ማዶ ነው።

ከጎረቤት ደብር አንድ ዲያቆን መበደር አይቻልም ወይ አልኩ። አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ "ፍልሰታ እኮ ነው፤ ማን ትርፍ አለው? እያንዳንዱ ደብር ዛሬ በዚህ ሰዓት የራሱን አምስት ቆጥሮ ቆሟል" አሉኝ። ትንሽ ቆዩና "በአንድ በሬ ታርሳለህ?" አሉ። አይ አልኳቸው። "እንግዲህ" አሉ።

ጎረምሶቹ መጫኛ ይዘው መጡ። አንዱን ጫፍ እዚህ ዋንዛ ላይ አስረው፣ ድንጋይ ጠምጥመው ማዶ ሊወረውሩለት፣ ልጁ ወገቡ ላይ አስሮ ሊሻገር። ሐሳቡ ሁሉንም አጓጓ። ቄሰ ገበዙ ግን የተጠቀለለውን መጫኛ ከልጆቹ እጅ ተቀበሉና ቁጭ አሉበት።

"ልጅ ለውኃ አስይዘን አንቀድስም" አሉ። "ይጎድላል። ካልጎደለ ኪዳን አድርሰን፣ ውዳሴ ማርያም ደግመን፣ ይቅር በለን ብለን እንገባለን።"

ከሕዝቡ አንድ ሁለት ድምፅ ተሰማ፤ ሕፃናቱ ደከሙ፣ የቆራቢ ጾም ባከነ የሚል። መልስ አልሰጡም። መጫኛው ላይ እንደተቀመጡ ዳዊታቸውን አወጡ።

ስለዚህ ጠበቅን። የኔታ ልጆቹን ዋርካው ሥር ሰብስበው ማስተማር ጀመሩ፤ እኛም ቀስ በቀስ ተጠጋን። ቀኑ ራሱ ትምህርት ነበረው። ሐዋርያት ሱባኤ ገብተው የእመቤታችንን ሥጋ የተቀበሉት፣ በጌቴሴማኒ የቀበሯት ነሐሴ 14 ነው ይላል ትውፊቱ። "ያን ቀን ግን አንዱ አልነበረም" አሉ የኔታ። "ማን ነው ያልነበረው?" ልጆቹ በአንድ ድምፅ "ቶማስ!" አሉ። ቶማስ ከሕንድ ሀገረ ስብከቱ በደመና ሲመለስ ከመንገድ አገኛት፤ ስታርግ። ሰበኗን፣ የተገነዘችበትን ጨርቅ፣ ሰጠችው። ሐዋርያት "ቀበርናት" ሲሉት መቃብሩን ከፍተው አጧት፤ ያኔ ሰበኑን አወጣና አሳያቸው። ለበረከት ተካፈሉት። ካህናት በመስቀላቸው እጀታ ላይ የሚያስሯት ጨርቅ የዚያ ምልክት ናት። የኔታ የራሳቸውን መስቀል አውጥተው ከላዩ የተቋጠረችውን የነተበች ጨርቅ ለልጆቹ አሳዩ፤ አንድ በአንድ ተሳለሙ። "እና የዘገየውን አትናቁ" አሉና ወደ ወንዙ አዩ።

ስምንት ሰዓት። ዘጠኝ ሰዓት። ሁለት ሕፃናት እያለቀሱ ተኙ። መነኩሲቷ ቆመው ነው የጠበቁት፤ አልተቀመጡም። እሜቴ ጥጥ ይዘው መጥተው ኖሯል፤ ለጧፍ የሚሆን ፈትል ይፈትላሉ። ወደ ቤቱ የሄደ ሰው ለማየት ደጁን ስጠብቅ ቆየሁ፤ አንድም ሰው አልወጣም።

ዐሥር ሰዓት ሲሆን ውኃው ወገብ ደረሰ። ቄሰ ገበዙ ተነሡና መጫኛውን ለሁለት ጠንካራ ጎልማሶች ሰጡ፤ "እናንተ ታስራችሁ ሂዱ፤ ልጁን በትከሻችሁ አምጡት"። ሁሉም ወረደ። ሰዎቹ በበትር መሬቱን እየነኩ፣ ጭቃ በመሰለው ውኃ ውስጥ እያዘነበሉ ሄዱ። ሲመለሱ ልጁ አንደኛው አንገት ላይ ነው። አንድ እጁ የሰውየውን ጸጉር ይዟል፣ በአንድ እጁ ከጭንቅላቱ በላይ የያዘው ፌስታል አለ። እናቱ ከማዶ ሆና እጇን ራሷ ላይ አድርጋ ትጮኻለች። ሲወርድ እልልታው ከድንጋዩ ደወል በላይ ሆነ።

ፌስታሉ ውስጥ ያለው ሙልሙል ነው። ለጓደኞቹ ለቆሎ ተማሪዎቹ።

ቅዳሴው የገባው ዐሥር ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ልብሰ ተክህኖው ለቁመቱ ረዝሞበት ወገቡ ላይ ታጥፎ ታስሯል። ከቅድስት መጋረጃ አጠገብ ጧፍ ይዞ ሲቆም ብርዱ አልለቀቀውም ነበርና እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ሰሙ ጣቱ ላይ ይንጠባጠባል፤ አልለቀቀም። የዕለቱ ቅዳሴ የአባ ሕርያቆስ ቅዳሴ ማርያም ነበር። ወንጌል ሊነበብ ሲል ንፍቅ ዲያቆኑ በግራ እጁ የልጁን ክንድ ከታች ደገፍ አደረገለት፤ ዓይኑን ከመጽሐፉ ሳያነሣ። ስንወጣ መሽቶ ነበር።

ማታ ኮረብታው ላይ ወጥቼ ለእናቴ ደወልኩ። ዲያቆናቱ ሦስት ናቸው አልኳት። ብዙ ዝም አለች።

"አንድ እንኳ ትርፍ የላቸውማ" አለች። ከዚያ ስለ ዣንጥላው ጠየቀችኝ።

ረቡዕ፣ ነሐሴ 15

ውዳሴ ማርያም ለሰባቱ ዕለታት የተከፈለ ስለሆነ በየቀኑ ጠዋት የዕለቱን ክፍል የኔታ ይተረጉማሉ፤ ንባቡን በግእዝ፣ ፍቺውን በአማርኛ። ዛሬ የረቡዕ ነበር። ዲያቆኑ ጉንፋን ይዞት ከእሳቱ አጠገብ ተቀምጦ ሰማ፤ ከሰዓት በኋላም ቀደሰ።

ቀሪውን ቀን ከሴቶቹ ጋር ዋልኩ። ለነገው በዓል ጠላ ይጠመቃል፣ ዱቄት ይነፋል፣ እንጨቱ ርጥብ ስለሆነ ጭሱ ሰውን ያስለቅሳል። ማን ምን እንደሚያመጣ የሚጻፍበት ወረቀት የለም። አንዷ ገብስ፣ አንዷ ጌሾ፣ አንዷ ጉልበቷን። የሌላት ውኃ ቀዳች። ከተማ ውስጥ ለአንድ ድግስ ስንት ስብሰባ እንደምንቀመጥ እያሰብኩ እንጨት ፈለጥኩላቸው።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 16

ማኅሌቱ ከምሽቱ ጀምሮ ተቆመ። በአታ ደጅ ያየሁትን ዝማሜ እዚህ ስድስት ሰዎች ብቻ ሆነው ቆሙት። ከበሮው አንድ፣ ጽናጽሉ አራት። መሪጌታው መሐል ገብተው ሲያሸበሽቡ ሰባ ዓመታቸው ከላያቸው ወረደ።

ከቅዳሴው በፊት የሻጩን ስም ለቄሰ ገበዙ ሰጠኋቸው። ደረሰኙን አገላብጠው አነበቡ፣ ከምሕላው መሐል ከእናቴ ስም ቀጥሎ ጠሩት።

ዣንጥላውን ከፌስታሉ ሳወጣው የቁም ሣጥናችን ሽታ ወጣ፤ ዘጠኝ ዓመት የቆየ የልብስና የከርቤ ሽታ። ቄሰ ገበዙ ባረኩትና ለአንድ ወጣት ሰጡት። ታቦቱ ከመቅደስ ሲወጣ ሕዝቡ መሬት ወደቀ፤ ቀና ስል ቀዩ ዣንጥላ ተዘርግቶ በካህኑ ራስ ላይ ቆሟል። ካፊያ ነበር። ጠብታው ከፋዩ ላይ እንደ ዶቃ ተንከባለለና በዘርፉ በኩል ወረደ። ዲያቆኑ ልጅ ከፊት መስቀል ይዞ ይሄዳል። ሦስት ጊዜ ቤተ ክርስቲያኗን ዞርን። እሜቴ ስልኬን አስወጥተውኝ ለእናቴ አስደወሉኝ፤ እልልታውን ወደ ስልኩ ውስጥ አሉት። ከወዲያ ማዶ የመለሰችው እልልታ ቀጭን ሆኖ ተሰማን።

ጾሙ ተፈታ። ሰንበቴ ቤት ውስጥ ሰው ትከሻ ለትከሻ ሆኖ በላ። መሄጃዬ ስለደረሰ እሜቴ ለእናቴ ድርሻዋን በነጠላ ቋጥረው ሰጡኝ፤ ግማሽ ዳቦ። ሙሴው አጠገባቸው ተቀምጠዋል። የእናቴ ተራ መቼ ነው ብዬ ጠየቅኳቸው። ደብተሩን ገለጡ፤ ከኅዳር ጽዮን ቀጥሎ ያለው እሑድ ነው አሉ።

"የሚመጣውን እኔ ላውጣው" አልኩ። እሜቴ ፊታቸውን ወደኔ መለሱ።

"ኅዳር ትመጣለህ?"

"እመጣለሁ።"

ሙሴው ከእናቴ ስም ጎን ባለው ባዶ ቦታ ላይ እስክሪብቶ አስጠጉና የክርስትና ስሜን ጠየቁኝ። አፌን ሳልከፍት እሜቴ ቀድመው ነገሯቸው።